ከማማው የወረደው ትንፋሽ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ስትተኙ ማን ያያችኋል? አትቸኩሉ፣ አስቡበት። ፊታችሁን መስታወት ያሳያችኋል፤ ጀርባችሁን ሐሜተኛ ያይላችኋል። እንቅልፋችሁንስ? የሰው ልጅ የዕድሜውን ብዙ ተኝቶ ያሳልፋል፤ ተኝቶ ሳለ ግን ራሱን አንድ ቀን እንኳ አግኝቶት አያውቅም። እኔ ይህን የተረዳሁት ተከስሼ ነው። አዎን፣ ተከስሼ! ሌላው ሰው በርስት ይከሰሳል፣ በድንበር ይከሰሳል፣ በሰው ሚስት ይከሰሳል። እኔ በእንቅልፌ ተከሰስኩ! ያን ቀን የተፈረደብኝ ፍርድ ነው እስከዚህ ጥርስ አልባ ዕድሜ ያደረሰኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ እኔን የሚያክል ሰው አልነበረም፤ በክብር ሳይሆን በአንገት። አንገቴ ከጭንቅላቴ ይወፍር ነበር። ልብስ ሰፊው ኮት ሊለካኝ ሜትሩን አንገቴ ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፍና ጫፉን ማገናኘት ሲያቅተው፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ወገብዎን ነው እንዴ የያዝኩት?» ብሎኛል። ማታ ማታ ደግሞ ከአረቄ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ለወባ ነው እል ነበር። ቆላ የሚኖር ሰው አረቄውን ሁሉ የሚጠጣው ለወባ ነው፤ ወባዋ ስትሰክር እንደሆነ እንጂ ስትሞት ግን አላየሁም።

ሮቢትን የሚያውቅ ሙቀቷን ያውቃል። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ሙቀቱ አይጠልቅም። ስለዚህ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ሰው ሁሉ የጠፍር አልጋውን ተሸክሞ ደጅ ይወጣል። በአልጋና በአልጋ መካከል ያለው የእሾህ አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ ከብት ይከለክላል እንጂ ድምፅ አይከለክልም። ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን በእንቅልፍ ልቡ የማንን ስም እንደጠራ ሰፈሩ ያውቃል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ በእኛ ሰፈር ብቅሉ ምን በወጣው፣ ሙቀቱ ይበቃል።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር መሃል እኔ አንኮራፋለሁ። አንኮራፋለሁ ስላችሁ እንደ ሰው አይምሰላችሁ። ከአጥሩ ወዲያ የሚተኛው ጎረቤቴ አያ ሁሴን አንድ ጠዋት መጥቶ፣

«ወላሂ፣ ማታ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ግቢህ ገብቶ ማርሽ ሲቀይር ያደረ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

«ወጣ ታዲያ?» አልኩት።

«የት ይወጣል! ሦስተኛው ማርሽ ላይ ነው የነጋበት።»

እኔ ኮራሁ። ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ፤ ሰው በሚጠግነው ነገር እኔ ኮራሁበት! ባለቤቴ ዘነበች ግን አትኮራም ነበር። ዘነበች ስትወደኝ «አንተ» ትለኛለች፣ ስትቆጣ «አንቱ» ትለኛለች፤ ስለዚህ አክብሮት ስሰማ ጫማዬን መፈለግ እጀምራለሁ።

«አንቱ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ማንኮራፋቱስ ይሁን። ዝም ሲሉ ነው የምፈራው።»

«ዝም ስል ደስ አይልሽም?»

«ትንፋሽዎ ይቆማል። ዝም፣ ጭጭ። ከዚያ እንደታነቀ በሬ ያጓሩና ይመለሳሉ። ልብዎ ደግሞ ከእጄ ሥር ይጋልባል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ እየነቀነቅኩዎት ነው የማድረው።»

«ትንፋሹ የቆመ ሰው ጠዋት ተነስቶ ጨጨብሳ ይጠይቃል እንዴ?» አልኩና ሳቅኩባት። የቤት ክርክር በሳቅ ይረታል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

ግን ልብ በሉ፤ ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ተሰጥቶ ነበር፤ እንደ ገበያ ዕቃ! ጠዋት ስነሳ ራሴን ያመኛል፤ አረቄው ነው እላለሁ። አፌ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆናል፤ ሙቀቱ ነው እላለሁ። በመሃል እየባነንኩ ለሽንት እወጣለሁ፤ እርጅና ነው እላለሁ። ስባንንም ልቤ ደረቴ ውስጥ ጉግስ ይጫወታል፤ ፈረስ የሚያክል ነገር ከጎድኔ ወደ ጎድኔ ይወረወራል። ለዚህኛውስ ምን አልኩ? «ጀግና ተኝቶም ይዋጋል» አልኩ! ከማን ጋር እንደተዋጋሁ ግን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቀኝም ከትራሴ በቀር ቁስለኛ አላሳየውም ነበር። ዘነበች «ዱካክ ነው የሚጫንህ» ብላ ትራሴ ሥር ማጭድ አስቀመጠች። ዱካኩ አልፈራም፤ እኔ ጆሮዬን ቆረጥኩ።

ቀንስ? ቀን ደግሞ ይኸው እንቅልፍ ይዘርፈኛል። ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ እያወራሁ። አንድ ማክሰኞ ካራቆሬ ገበያ ልሄድ በቅሎዬ ላይ ወጣሁ፤ ከከተማው ሳልርቅ ሸለብ አደረገኝ። በቅሎ መቼም ብልህ ናት፤ ጌታዋ እንደተኛ ስታውቅ ዞራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስነቃ አንዲት ሴት ከደጅ ቆማለች፤ ከአጠገቧ ማሽላ ተሰጥቷል። ከበቅሎዬ ወረድኩና ባርኔጣዬን አንስቼ፣

«እንደምን ዋላችሁ የካራቆሬ ሰዎች! እመቤቴ፣ ማሽላውን በስንት ይሉታል?» አልኳት።

ዘነበች ነበረች።

«ለእርስዎ በነጻ ነው፤ ደግሞም የራስዎ ነው» አለችኝ። አንቱታው ለሳምንት ቆየ።

ወደ ክሱ ልምጣ። የሰፈራችን ሰው ማሽላ የሚዘራው ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ ማሳ ከማሳ ተያይዞ ነው። ማሽላው ራስ ሲያወጣ ቀን ወፍ ይወርድበታል፣ ማታ ከርከሮ ይመጣበታል። ስለዚህ ከማሳዎቹ መካከል አንድ ረጅም ማማ ተሠርቶ በየተራ ይጠበቃል። ተረኛው ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ወንጭፍ እየወረወረ ያድራል፤ በማግስቱ ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ በሬ ጠምዶ ይውላል። ከባድ ነው።

የእኔ ተራ ደረሰ። ማማው ላይ ወጣሁ፣ ቆርቆሮውን አንዴ ደበደብኩ፣ ተኛሁ። ጠዋት ዘነበች ፊት እንዴት እንደምቀርብ እያሰብኩ ብወርድ፣ የሰፈሩ ሰው ከማሳው ዳር ተሰብስቧል። አንድ ራስ ማሽላ አልተነካም! ከርከሮዎቹ እስከ ወንዙ መጥተው፣ ዱካቸው ከውሃው ዳር ተመልሷል።

«ማንኮራፋቱን ሰምተው ነው!» አለ ተሰማ። ተሰማ ማሳው ከወንዙ የሚዋሰን፣ ስለዚህም ከርከሮ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎበኘው ጎረቤታችን ነው። «ነብር መስሏቸው ነው!»

«ነብር እንዲህ አያንኮራፋም» አለ አያ ሁሴን። «እንዲህ ያለ ነገር አላህ አንድ ብቻ ነው የፈጠረ።»

እዚያው ተመካከሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማማው ዘበኛ እኔ ሆንኩ፤ ዘወትር። ሌላው ሰው ቤቱ ይተኛል። በምትኩ የእኔን ማሽላ በደቦ ያጭዱልኛል፣ ይወቁልኛል፣ ጎተራዬ ድረስ ያስገቡልኛል። እኔ የሚጠበቅብኝ መተኛት ብቻ! በአገራችን ታሪክ እንቅልፉ ሥራ ሆኖ የተቆጠረለት የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሹመት እንደተቀበለ ሰው ነጠላዬን አጣፋሁ።

ደስታው ያልደረሰው ዘነበች ጋ ብቻ ነው። ሰሌኔን ተሸክሜ ስወጣ በር ላይ ቆመች።

«እዚያ ማን ይነቀንቅሃል?» አለችኝ። አንቱ አላለችም።

«እንዳትነቀንቂኝ ነው እኮ የምሄደው» ብዬ ወጣሁ። ሰው በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ ይሳለቃል!

ጥቂት ሳምንት እንደ ንጉሥ ኖርኩ። በመንገድ ሳልፍ ሴቶች «ዘበኛችን!» እያሉ እርጎ ያቀብሉኛል። እኔም ሙያዬ እንዳይደክም ብዬ አረቄውን ጨመርኩ፣ እራቱን ጨመርኩ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ መተኛት ጀመርኩ፤ ድምፁ እንደዚያ ይጠራልኛላ! ሐውልት የሚሠራልኝ ሁሉ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት የተሰማ ጩኸት ቀሰቀሰኝ።

«ኡኡ! ጉድ ሆንኩ! ያገር ያለህ!»

ብወርድ ማሳው ጉድ ነው። አገዳው ተሰባብሯል፣ ራስ ራሱ ተቀንጥሷል፣ ከርከሮ ከነቤተሰቡ ሰርግ በልቶ የሄደ ይመስላል። ተሰማ እጄን ያዘ፤ አያያዙ የወዳጅ አልነበረም።

«በሕግ አምላክ! የት ነበርክ?»

«እዚህ ነበርኩ!»

«ዋሸህ! እኔ ሌሊት ባንኜ ሰምቻለሁ። ማማው ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም። ማንኮራፋትህ ከሌለ አንተ የለህም! አረቄ ቤት ነው ያደርከው!»

ነገሩ አጥቢያ ዳኛው ባላምባራስ ጋ ደረሰ። ባላምባራስ ሽማግሌ ናቸው፤ ዋርካ ሥር ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠው የሚያስችሉ፣ ሲስቁ እንኳ ጢማቸው የማይነቃነቅ ሰው። ሰፈሩ ወንዱም ሴቱም ወጣ። ጨዋታ እንዳይመስላችሁ! ቢፈረድብኝ የተበላውን ማሽላ ከገዛ ጎተራዬ ልተካ ነው፤ ያ ማለት እኔና ዘነበች ክረምቱን ጎተራ እያየን ልንጾም ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ስሜ ነው። አደራ በላ የተባለ ሰው በዚያ አገር ለልጁ እንኳ የሚድርለት አያገኝም።

«ተናገር» አሉኝ ባላምባራስ። «ማማው ላይ ነበርክ?»

«ጃንሆይ ይሙት፣ ነበርኩ!»

«ምን ታደርግ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሸንጎው ሳቀ። ባላምባራስ ጭራቸውን አነሱ።

«ሰው ተኝቼ ጠብቄያለሁ ብሎ ሲከራከር ያየሁት ዘንድሮ ነው። ከተኛህ ለምን አላንኮራፋህም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ! ተኝቼ!»

አያችሁ? ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ለሁሉ ነገር ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ለእንቅልፉ ግን መቅረብ አይችልም። እኔ በቦታው ነበርኩ፤ ግን እኔ አልነበርኩም። ይህን ለዳኛ እንዴት ታስረዱታላችሁ?

ባላምባራስ አሰቡና ሁለት እማኝ ሾሙ፤ አንዱ አያ ሁሴን፣ አንዱ ከሳሼ ራሱ ተሰማ። ሁለቱ ከማማው ሥር ሊያድሩ፣ መሰላሉን ይዘው፣ ብወርድ ሊይዙኝ፣ ባልወርድ ሊመሰክሩልኝ። እኔም «ዛሬ የማልተኛ እንደሆነስ?» ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሰው እያየው መተኛት የማይችል ዓይን አፋር አለ። ማማው ላይ እንደወጣሁ ግን ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ጠዋት ስነቃ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ተሰማ ማማው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ሊገድለኝ የመጣ መስሎኝ ቆርቆሮውን አነሳሁበት።

«አስቀምጠው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ዋርካው ሥር እንገናኝ።»

ሸንጎው ዳግመኛ ተቀመጠ። አያ ሁሴን ተነሳ። አያ ሁሴን መቼም ምስክርነት ሲሰጥ ቆሞ አይደለም፤ እየሮጠ፣ እየተንበረከከ፣ አስፈላጊ ሲሆን እየተኛ ነው።

«በአላህ ስም እውነቱን እናገራለሁ፣ ጌታዬ። ኢሻን ሰግጄ ሄድን። ይህ ሰው ጀመረ። እንዴት ብዬ ልንገርዎ! ማማው ይንቀጠቀጣል፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ከርከሮዎቹ ከወንዙ ማዶ ቆመዋል፤ ጆሯቸውን ቀስረው ያዳምጣሉ። ከዚያ...»

እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሸንጎው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«ጭጭ! እኔ ‹ያ ረቢ፣ ሞተ!› አልኩ። ይህ ተሰማ ‹ይኸው ወረደ!› አለ። ‹በየት ይወርዳል፣ መሰላሉን እኔ አይደለሁም እንዴ የያዝኩት?› አልኩት። እንዲህ ስንከራከር ከርከሮዎቹ ውሃውን ተሻግረው ገቡ! እናቲቱ ከፊት፣ ግልገሎቿ ከኋላ። ጌታዬ፣ ያውቁታል! ተምረውታል! ዝም ሲል ይገባሉ። ጥቂት ራስ እንደሰበሩ ከላይ...»

እዚህ ላይ አያ ሁሴን ያወጣውን ድምፅ በፊደል ልጽፈው ብዙ ሞከርኩ፤ ፊደላችን ሀብታም ነው፣ ለዚህ ግን አልበቃም። ከዋርካው ላይ ወፎች ተነሱ፤ ከሴቶቹ መካከል አንዷ አማተበች።

«...እንዲህ ብሎ ነፍሱ ተመለሰች! ከርከሮዎቹ ጅራታቸውን አቁመው ፈረጠጡ። ቆየት አለና ደግሞ ጭጭ። ደግሞ ገቡ። ደግሞ አጓራ። ደግሞ ወጡ። እስኪነጋ ድረስ ሲገቡና ሲወጡ አደሩ። እኔ ሰው የማውቀው አንዴ ሲሞት ነው፤ ይህ ሰውዬ ግን በአንድ ሌሊት ስንቴ ሞቶ ስንቴ እንደተነሳ አላህ ነው የሚያውቀው!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉ አብልጬ። ያልሳቀው ተሰማ ነው። ተነሳና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ እንኳ መውረዱን ላይ ነበር የሄድኩት፣ ጌታዬ» አለ። «ዝም ሲል ማማው ላይ ወጣሁ። አለ። አፉ ተከፍቷል፤ ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ጉሮሮውን የሆነ ነገር ያነቀው ይመስላል። ልነቀንቀው እጄን ደረቱ ላይ ሳደርግ ልቡ... የተያዘ ወፍ አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ ነው። ይሮጣል፣ ይደናቀፋል፣ ደግሞ ይሮጣል። እጄን ባነሳ የሚቆም መሰለኝ። ስለዚህ ሳላነሳ አደርኩ።»

ሳቁ ጠፋ። ከሳሼ ነው እኮ! ጎተራዬን ሊያስገፍፈኝ የመጣ ሰው፣ ልቤን በእጁ ይዞ ነው ያደረው።

ከሴቶቹ በኩል ዘነበች ተነሳች። ማንም ተናገሪ አላላትም።

«እኔ ስንት ዓመት ተናገርኩ!» አለች። «ሳቀብኝ። ስንት ዓመት ጎኑ ቁጭ ብዬ አደርኩ! ዛሬ ይመለስ ይሆን፣ ዛሬ ሳይመለስ ይቀር ይሆን እያልኩ! ማማው ላይ ሲወጣ ደግሞ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ከሩቅ አዳምጥ ነበር። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ፣ ጌታዬ። ለከርከሮ ከሰሳችሁት፤ ለእኔስ ማን ይከሰስልኝ?»

እኔ በእንቅልፍ ስሾም እሷ በእንቅልፍ ተዘርፋለች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተኝቶ፣ አንዱ የሁለቱን ድርሻ በልቷል።

ባላምባራስ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ።

«ፍርዱ ይኸው ነው። ሰውዬው ከማማው አልወረደም፤ ነጻ ነው!»

«ረታሁ!» ብዬ ዘለልኩ። እስክስታ ጀመርኩ! ትከሻዬ ይሄዳል፣ አንገቴ እምቢ ይላል። ዘነበች ነጠላዬን ጎተተችኝ።

«አንቱ! እስከ መጨረሻው ይስሙ!»

«ከማማው የወረደው ትንፋሹ ነው» አሉ ባላምባራስ። «ትንፋሹ ደግሞ እዚህ ሸንጎ ቢጠራ አይቀርብም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ሐኪም ፊት ይቅረብ። የተበላውን ማሽላ ሁላችንም ከየጎተራችን እናዋጣለን፤ ሰው ተኝተህ ጠብቅ ብለን የሾምን እኛ ነንና ቅጣቱ የእኛ ነው። እማኞቹም ባለቤቱም አብረው ይሂዱ። ይህ ሰው ስለ ራሱ እንቅልፍ የሚናገረው አይታመንም።»

እንዲህ ሆነና ጤና ጣቢያ በሰልፍ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደረገ። ደረቴን በማዳመጫው አዳመጠ፣ ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ጉሮሮዬን በባትሪ አበራ።

«አሁን ልብዎ ደህና ነው የሚመታው» አለኝ።

ቀን ነዋ! ልቤ ቀን ቀን ጨዋ ነው፤ እንደ አንዳንድ የሰፈራችን ባሎች የሚያብደው ሲመሽ ነው። «ይኸው፣ ደህና ነኝ» ብዬ ሸሚዜን መቆለፍ ጀመርኩ።

«ቆይ። ሲተኙ ምን ይሆናሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተኝቼ!»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

በሩ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ሦስቱም ባንድ አፍ ጀመሩ። ሐኪሙ ደነገጠ፤ ኋላ ግን አንድ በአንድ ይጠይቃቸው ጀመር። አያ ሁሴን ድምፁን ደገመው፤ በሌላው ክፍል መርፌ ሊወጋ የነበረ ሰው ሱሪውን ይዞ ሲሮጥ በመስኮት አየነው። ሐኪሙ ሳቀ። ዘነበች፣ «ዝም ሲል ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ልቡ ከእጄ ሥር አንዳንዴ ይዘልና ይረሳል» ስትለው ግን መሳቁን ተወ።

«ቀን ይተኛል?»

«እኔን ማሽላ በስንት ነው ብሎኛል» አለች።

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «እንዲህ ነው የሚመስለኝ» አለ። «ሲተኙ ጉሮሮዎ ይላላል። አንገትዎ ወፍራም ነው፤ ሲንጋለሉ ምላስዎ ወደ ኋላ ይወድቅና መተንፈሻውን ይዘጋዋል። አረቄው ደግሞ ይብሱን ያላላዋል። አየር ሲጠፋ ሰውነት ይደነግጣል፣ ልብ ይጋልባል፣ እርስዎ ሳያውቁት ይባንናሉ። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ከሆነ እንቅልፍ አልተኙም፤ ትግል ነው ያደሩት። ቀን የሚጥልዎት ለዚህ ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ እርግጠኛ የሚያደርገኝ መሣሪያ እዚህ የለኝም። ልብዎን ግን አዲስ አበባ ሄደው ይታዩ፤ የልብ ነገር ለነገ አይባልም። ደረትዎን ቢወጋዎት፣ ራስዎን ስተው ቢወድቁ፣ ወይም ልብዎ ጋልቦ ጋልቦ አልመለስ ቢል መሽቷል ሳይሉ ይምጡ።»

«እስከዚያስ?» አለች ዘነበች።

«አረቄ የለም። በጀርባ መተኛት የለም፤ በጎን ነው። ሆድና አንገት ይቀንስ። በቅሎ ላይም እሳት ዳርም አይሸልብ።»

በአንድ ትንፋሽ የኑሮዬን ጌጥ ሁሉ ገፈፈኝ! ግን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ስወጣ ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ነው የወጣሁት። ሰው የሚያሳድደውን ነገር ፊቱን ካየ ግማሹን አመለጠ። ዱካክ አይደለም! እርግማን አይደለም! አንገት ነው! ዛሬ ዛሬ ሐኪሞች ለዚህ በሽታ የራሱን ስም አውጥተውለታል፤ ሲተኙ አየር የሚነፋ መሣሪያም ፊት ላይ ይታሰራል ይላሉ። ያን ጊዜ ስም አልነበረንም፤ ከርከሮ ነበረን። አዲስ አበባም ሄጃለሁ፤ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ አውቶቡሱ ጨለማ ሲገባ ሸለብ ሲያደርገኝ ዘነበች ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ፤ ያ ቦታ እስከ ዛሬ ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል። እዚያ ያሉት ሐኪሞች በገመድ አስረው ልቤን አነበቡና «ደክሟል እንጂ አልከፋም፤ በጊዜ መጣህ» አሉኝ። ይህ ግን ኋላ ነው።

ከጤና ጣቢያው በተመለስን ዕለት ማታ ዘነበች የሌሊት ልብሴ ጀርባ ላይ ቆረቆንዳ ደርድራ ሰፋችበት፤ በቆሎው የተበላለት ደረቅ እንጨቱን ማለቴ ነው። ልንጋለል ስል ወገቤን ይነክሰኛል። እንደ ተጫነ ግመል ጀርባዬን አሳብጬ፣ ያለ አረቄ፣ በጎኔ ተጋደምኩ። እሷም ከአጠገቤ የራሷ አልጋ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ወትሮዋ።

ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ስነቃ ጎህ ቀዷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ግቢዬ ውስጥ ነው! አንዲቱ ጎረቤት ደረቷን ትደቃለች፣ አያ ሁሴን መዳፎቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ከንፈሩን ያነቃንቃል፣ ተሰማ ባርኔጣውን ይዞ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«አንተ!» አለ አያ ሁሴን፤ ከዚያ እጁን አፉ ላይ አደረገ። «አልሐምዱሊላህ! ወላሂ፣ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅህ ጠፋ። ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ... መቼም ሲቆም ደግሞ ይመለስ ነበር። ዛሬ ሳይመለስ ቀረ!»

«ጸጥታው ነው የቀሰቀሰን» አለ ተሰማ። «እኔ የመቃብሩን ነገር ሁሉ አስቤ ነበር!»

እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ልቤ ጭነቱን አራግፎ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አህያ ቀስ እያለ ይራመዳል። ራሴን አላመመኝም። አፌ አልደረቀም። የሃያ ዓመት ልጅ የሆንኩ መሰለኝና ለዘነበች ልነግራት ወደ ሰዉ ዞርኩ፤ ከአልቃሾቹ መካከል የለችም።

«ዘነበችስ?» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩ። ዘነበች አልጋዋ ላይ ናት። ልትቀመጥ አስባ፣ ስትቀመጥ ዘንበል ብላ፣ እግሯ እንኳ መሬት ላይ እንዳለ፣ አንድ እጇ ወደ እኔ አልጋ እንደተዘረጋ ተኝታለች። ያ ሁሉ ዋይታ አላነቃትም።

«ኧረ እሷስ ትተነፍሳለች?» ብሎ አያ ሁሴን ደነገጠ።

ጎንበስ ብዬ እጄን ከአፍንጫዋ ፊት አደረግኩ። ትንፋሿ ይወጣል፣ ይገባል፤ ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ።

«ውጡ!» አልኩ በሹክሹክታ። «ውጡልኝ! ድምፅ እንዳታሰሙ!»

እያለቀሰ የመጣ ሰፈር ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወጣ። ተሰማ በመጨረሻ ወጥቶ የአጥሩን በር እንዳይንቋቋ አንስቶ ዘጋው። እኔ እግሯን ከመሬት አንስቼ አልጋው ላይ አደረግኩላት፤ አልነቃችም። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል ጋቢዬን ዘርግቼ ከለልኩላት፤ ክንዴ ሲዝል በሌላው እየቀየርኩ፣ ዓይኔን ሳልከድን፣ እንዲሁ እንደቆምኩ ረፈደ።